የአያትሽ መንደር የጠፋበት ቅዳሜ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለማሂ፣ ማልሞ፤

በአሰላ ከተማ ነዋሪ የሆኑት አቶ ይበልጣል ለመላው ቤተ ዘመድ፣ ለወዳጅም ለጠላትም፣ በታላቅ አክብሮት የሚያስታውቁት እንዲህ ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ በቤትና በጓሮ ሲፈለግ የቆየው የግራ እግር ካልሲያቸው ባለፈው ማክሰኞ በገብስ ጆንያ ውስጥ በሕይወት ተገኝቷል። በሁለት ቦታ ከመበሳቱ በቀር ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። አክስትሽ አበራሽ በፍለጋው ላይ ላሳየችው ትጋት ምስጋና ይገባታል፤ ጆንያው ውስጥ ማን እንደ ከተተው ስትጠየቅ ግን እስካሁን መልስ አልሰጠችም።

ዋናውን ዜና ከሰማሽ በኋላ ሰላምታዬ ይከተል። እንደምን ሰነበትሽ የኔ ልጅ? ጤናሽ፣ ወገብሽ፣ ያ የሚያስነጥስሽ ነገር እንዴት ነው? ባለቤትሽ የኋላሸት ደህና ነው ወይ? ትንሿ መቅደላዊት ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም እንደኔ በድድ ነው የምትስቀው? እዚያ ሀገር ፀሐይ በቀጠሮ ነው የምትወጣው ብለሽኝ ነበር፤ ቀጠሮዋን አክብራ መጣች ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የጭላሎ ተራራ ደመናውን ደፍቶ ይውላል፣ ብርዱ ከጋቢ በታች ገብቶ ያነጋግረናል፣ ጾሙም ይዞናል። አበራሽ ሽሮ በሽሮ ላይ ታቀርባለች፤ እኔም ከጎረቤት የሚመጣውን የሥጋ ሽታ እያስታወስኩ እበላለሁ።

አሁን ቀልዱን ላቁምና ወደ ነገሬ ልግባ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬልሽ ሦስቱንም ጊዜ ወደ ሳል ቀየርኩት። አንቺም «አባባ፣ ይሄን ሳል ለምን አትታይም?» አልሽኝ። ሳል አልነበረም ማሂዬ፤ ፍርሃት ነበር። ወረቀት ላይ ማሳል ስለማይቻል፣ የጎረቤታችን ልጅ ራሄል ደግሞ ሰኞ ወደ እናንተ ሀገር ስለምትመለስ፣ በእጇ ልልክልሽ ተቀመጥኩ። ነገሩ ስለዚያች ስለላክሽልን የጌም ማሽን ነው። ራስሽን ስለ ወቀስሽበት ቅዳሜ ነው። ያጠፋሽው አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። የምታውቂውንም ብደግም ታገሽኝ፤ ሽማግሌ ሲናዘዝ ከአዳም ነው የሚነሣው።

መስከረም ላይ፣ በደመራ ሳምንት፣ አያትሽን ተሻለችን ስትሮክ መቷት ቀኝ እጇ እንደ ራሰ ጨርቅ ሲወድቅ፣ ሌዊ የሚባለው፣ ከሀዋሳ ተመድቦ የመጣው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቤታችን እየመጣ ያያት ጀመር። ያን ጊዜ ያለንን አልረሳውም። የመጀመሪያው ስድስት ወር እንደ ዘር ወቅት ነው፣ ካለፈ አለፈ፣ እጅ በዚህ ጊዜ ካልሠራ መሥራቱን ይረሳል አለን። እየጨመቀች እንድትለማመድም የላስቲክ ኳስ ሰጣት። አያትሽ ኳሷን ሁለት ቀን ጨመቀቻት፤ በሦስተኛው ቀን «እኔ ሎሚ ጨማቂ አይደለሁም» ብላ ለጎረቤት ውሻ ወረወረችለት። ውሻው በጣም ተሽሎታል።

አንቺ ግን የሷን ነገር ታውቂ ነበር። ያ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው አሮጌ ጌምሽ፣ መብረቅ እስኪያቃጥለው ድረስ፣ አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ የሷ ነበር። በር ዘግታ ትጫወታለች፤ እኔ ስገባ ቶሎ ብላ መጥረጊያ ታነሣለች። ያ መጥረጊያ ወለል ሲነካ አንድም ቀን አላየሁትም።

እናም ኅዳር ላይ ያች መዳፍ የምታህል ማሽን መጣች። ያንን የሚያህል አሮጌ ጌም እንዴት እዚህች ውስጥ ገባ ብዬ ብጠይቅሽ፣ «አልገባም አባባ፤ ይቺ እሱን ታስመስላለች እንጂ። አሮጌው ማሽን ነኝ ትላለች፣ ጨዋታውም ያምናታል» አልሽኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አከበርኳት። እኔም እኮ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁም ነገረኛ ባል ነኝ ብዬ አያትሽን ያሳመንኩ ሰው ነኝ። ደግሞ ምን አልሽ? «ክፍት ናት፤ ማንም ሰው ውስጧን ከፍቶ እንደሚፈልገው እንዲያስተካክላት የተፈቀደች ናት» አልሽ። ጥፋት አለብሽ ከተባለ ይሄ ነው ጥፋትሽ። ክፍት ነገር አግኝቶ እጁን ሳይከት የሚያልፍ ይበልጣል ታውቂያለሽ?

ማሽኗን ስከፍታት ከላይ ጥግ ላይ ቀንና ሰዓት ጽፋለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ሰዓት ነው ትላለች። ዓመቱን ደግሞ 2025 ትላለች። የኛን እንጀራ ልትበላ ገብታ የቤቱን ሰዓት የምትከራከር እንግዳ! ሴቲንግ የሚባለውን ቦታ አገኘሁና መጀመሪያ በራሷ ሰዓት እንዳትሞላ ከለከልኳት። ቀጥዬም 2018፣ ሦስተኛ ወር፣ ስምንተኛ ቀን፣ ሦስት ሰዓት ብዬ ሞላሁላት። ለአያትሽ «ማሽኗን ሀገር አስለመድኳት» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ላንቺ አልነገርኩሽም። ምን ያደርግልሻል ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዪ! ያንን መንደር የሚቀናበትን ጨዋታ ታስታውሻለሽ፤ ወንዝ ዳር አንድ ጎጆና አንድ የውሃ ጉድጓድ ሰጥተውሽ ሌላውን ራስሽ የምትሠሪውን። በመጀመሪያው ሳምንት የቀኝ አውራ ጣቷን በግራ እጇ እየገፋች ነበር የምትጫነው። ለገና አውራ ጣቷ ብቻውን ተጫነ። ለጥምቀት ሌባ ጣቷ ተከተለው። ወንዙ ላይ የድንጋይ ድልድይ ሠራች፤ አንዱን ድንጋይ ለማስቀመጥ አምስት ጊዜ መጫን ስላለባት ድልድዩ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በአካባቢያችን ከተሞች ስም፣ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ደረቅ ሜዳ ዴራ ብላ ሰየመችው፣ ኮረብታውን ሮቤ አለችው። አርባ ሁለት ዳክዬ አረባች። ሌዊ ጣቶቿን ለክቶ ተገርሞ «እማማ፣ ምን ሲሠሩ ነው የከረሙት?» ቢላት፣ «መንደር ሳቀና» አለችው። ልጁ ደንግጦ የአእምሮ መመርመሪያ ወረቀት አወጣ። ክንዷ ግን ገና ነበር፤ ከትራሱ ላይ አልነሣም ብሎ ቀረ። ሌዊም ክንዱ ጣቶቹን ተከትሎ ሊመጣ ይችላል፣ ብቻ እንዳያቋርጡ ብሎ አስጠነቀቀ።

ከዚያ ያች ቅዳሜ መጣች፣ የካቲት አሥራ አራት። ሁለታችን በአንድ መንደር እንጫወት ብለሽ ደወልሽ። ሆትስፖት ክፈቱ፣ ስልኩ ኢንተርኔቱን ለማሽኗ ያካፍላታል፣ ያንቺና የኛ ማሽን ይተያያሉ፣ ቀኑ አዲስ የሆነውን ይይዛሉ፣ አሮጌውን ይጥላሉ አልሽ። አዲሱ የሷ እንደ ሆነ ማን ይጠራጠራል? ያንቺ ማሽን ላይ ያለው ኅዳር ላይ የተወሽው አንድ ጎጆ ነው። በኩራት ሆትስፖቱን ከፈትኩ። ማሽኗ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች።

አያትሽ ከፈተችው። አንድ ጎጆ። አንድ ጉድጓድ። ድልድይ የለ፣ ዴራ የለ፣ ሮቤ የለ። አንቺ በስልኩ «እማማ፣ መጣልሽ?» ትያለሽ። እሷ ግን ቀኝ እጇን በግራ እጇ አነሣችና ጋቢዋ ሥር አስገባችው፤ ልክ ሞቶ እንደሚሸፈን ነገር። የኔ ዓይን ግን ወደ ማሽኗ ጥግ ሄደ፣ ያች 2018 የምትለው ላይ። ነገሩ አልገባኝም፤ ግን የኔ እጅ እንዳለበት አውቄያለሁ። ይሄኔ አንቺ «ወይኔ፣ እኔ ነኝ! የተሳሳተ ነገር ተጫንኩ መሰለኝ» አልሽ። አፌ ምን አለ መሰለሽ? «በቃ፣ ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው» አለ። ከዚያ አፍ ጋር ሰባ ምናምን ዓመት ኖሬያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አፍሬበት አላውቅም።

አሥራ አንድ ቀን ማሽኗን አልነካችም። ስልክሽንም አላነሣችም። «መሥራት ምን ያደርጋል፣ አንዲት ልጅ በአንዲት ቁልፍ ለምታፈርሰው» አለችኝ። ቀለድኩላት፣ አልሳቀችም። የአውራ ዶሮ ድምፅ አወጣሁላት፣ አበራሽ ብቻ ከጓዳ «ኧረ አባዬ በጾም!» ብላ ጮኸች። ሌዊ መጥቶ ጣቶቿን ሲዘረጋ ፊቱ ተለወጠ። ውጭ አስወጥቶኝ፣ «አባባ፣ መልሰው እየደረቁ ነው። መጋቢት ላይ ስድስት ወሩ ሊሞላ ነው። አሁን ነው እንዴ የሚያቋርጡት?» አለኝ። ለሱም አልነገርኩትም። አጥሩን ይዤ ቆሜ አሳልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ማሽኗን በካልሲ ጠቅልዬ ከመናኸሪያው በታች ስልክ ወደሚጠግነው ወደ አብዲሳ ሄድኩ። አብዲሳ የሁለት ልጆች አባት፣ እጁ የረጋ ሰው ነው። ገና ሲቀበለኝ ጥጓን አየና «ይሄ ሰዓትማ ተበላሽቷል» ብሎ እኔ የከለከልኩትን ፈቀደላት፣ ኢንተርኔት ስታገኝ በራሷ እንድትሞላ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ኢንተርኔት ስላልነበራት ዓመቷን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ የቅዳሜውን ሁሉ፣ ዳክዬዎቹን እንኳ ሳላስቀር ስነግረው የውስጧን ዝርዝር ከፍቶ አነበበ።

«ኦቦ ይበልጣል፣ ይሄ ማሽን መቼ ነው የመጣው?» አለኝ። ኅዳር አልኩት። «ታዲያ ሥራው ሁሉ የ2018 ነው የሚለው» አለ። እና ዘንድሮ ስንት ነው ታዲያ? አልኩት በቁጣ። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ዘንድሮማ ለእኔና ለእርስዎ 2018 ነው። ለማሽን ግን የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ያ የልጅቷ 2025 ይላል። ሁለቱ ሲተያዩ የትኛው አሮጌ ሆነ?» አለኝ። ወንበር አልነበረም፤ የተበላሸ ቴሌቪዥን ላይ ተቀመጥኩ። አያትሽ ከሦስት ወር በላይ ጣት በጣት የሠራችውን መንደር፣ እኔ በአንድ ጠዋት ጉራ የስምንት ዓመት ቆሻሻ አድርጌው ኖሯል።

ግን አብዲሳ ቀጠለ። ማሽኗ የጣለችውን ወዲያው አታጠፋም፣ ሠላሳ ቀን የምታቆይበት የቆሻሻ ቅርጫት አላት አለ። መንደሩ እዚያ ውስጥ አለ። እልል ልል አፌን ስከፍት እጁን አነሣ። «ይጠብቁ። ያለው፣ ማሽኗ ዛሬ 2018 ነው ብላ ስለምታምን ነው። እውነተኛውን ቀን ያወቀች ዕለት፣ ይሄ ስምንት ዓመት የቆየ ነው ብላ ጠራርጋ ትጥለዋለች። አሁን ኢንተርኔት እንዳታገኝ ብቻ!»

ማሂዬ፣ እሱ ይህን ሲናገር በእጄ ምን የያዝኩ ይመስልሻል? ስልኬን። «ማሂ ከዚያ ሆና ታስተካክለው» ብዬ፣ ሳይጠይቀኝ፣ ሆትስፖት ከፍቼ ጨርሻለሁ። ማሽኗ ላይ ያች ክብ ነገር መዞር ጀመረች።

አብዲሳ «ያጥፉት! ያጥፉት!» ይላል። እኔ ስከፍተው የማውቀውን ቦታ ስዘጋው ከየት ላምጣው? ስልኩ ተቆለፈ፣ ስከፍተው መብራቱ በራ፣ ስነካው ካሜራው መጣና የራሴን አፍንጫ አሳየኝ። የማሽኗን ባትሪ ዝም ብለህ ንቀለው ስለው «አሁን ከነቀልኩት መንደሩ ያለበት ሚሞሪ ይበላሻል፣ በሥርዓት መዘጋት አለባት፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» ይላል። ጊዜ ከየት ይመጣል? አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። ሆትስፖት ቅርብ ካልሆነ አይሠራም ብለሽ ነግረሽኝ ነበር። ስለዚህ ስልኩን ይዤ ሮጥኩ።

አዎ፣ እኔ፣ በዚህ ጉልበት። ከሱቁ ወጥቼ፣ በጋሪዎቹ መሐል አልፌ፣ ጋቢዬ ከኋላዬ እየተጎተተ ቁልቁል ወረድኩ። «ያዘው!» የሚል ሰማሁ፤ «የት ይደርሳል ብለህ ነው» የሚልም ሰማሁ። ቱሳ የሚባለው የባጃጅ ሹፌር ደርሶብኝ ከፊቴ ቆመ። «አባባ፣ ማን ነው የቀማዎት?» አለኝ። ማንም አልቀማኝም፣ እኔ ነኝ ይዤ የሮጥኩት አልኩት። «ምኑን?» አለ። ኢንተርኔቱን! አልኩት። ወርዶ ግንባሬን በመዳፉ ዳሰሰኝ። ትኩሳት እንደሌለኝ ሲያውቅ የባሰ ደነገጠ። ስልኩን ሰጥቼው ግደልልኝ ብዬ ለመንኩት፣ እስትንፋሱ እስኪጠፋ አጥፋልኝ አልኩት። አጠፋልኝ። ባጃጁ ላይ አስቀምጦ መለሰኝ። ቀልድ የሚባል ነገር ከሆዴ ወጥቶ ሄዶ ነበር። ሳገባት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የነበረችው አያትሽ፣ እጇን ጋቢ ሥር ከታ የተቀመጠችበት ወንበር ብቻ ነው የታየኝ።

አብዲሳ ጥፍር የምታህለውን ሚሞሪ በወረንጦ ይዞ ጠበቀኝ። ሳትጠርገው ደረስክ ወይ አልኩት። «ሂን ሶዳቲና፣ አይፍሩ» አለኝ፤ የሱ ግንባር ግን ላብ አውጥቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ መፈለግ ጀመረ። ቱሳም ሥራውን ትቶ በሩ ላይ ቆመ። አብዲሳ አንዱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ሌላውን ይከፍታል። «ባዶ ነው» አለ አንዴ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ከዚያ አንዱ ላይ ቆመና «ኦቦ ይበልጣል፣ ዳክዬ ስንት ነበር ያሉኝ?» አለ።

አርባ ሁለት ነበር። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ድልድዩ አለ፣ ዴራ አለ፣ ሮቤ አለ። አብዲሳ መንደሩን በሌላ ቦታ ገልብጦ አስቀመጠና ከዚያ በኋላ ነው ሰዓቷን ያስተካከለው። ሴቲንግ የሚባል ነገር ዳግመኛ እንዳልነካም በቱሳ ፊት አስማለኝ። እኔም ማልኩ፤ በሕይወቴ ሳልደራደር የማልኩት መሐላ ይሄ ብቻ ነው።

ቤት ስገባ አያትሽ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣለች። ማሽኗን ጭኗ ላይ አደረግሁላት። አየችው። ድልድዩን፣ ዳክዬዎቹን አየች። «ማሂ ናት ያስተካከለችው? ትባረክ፤ እኔ ደግሞ አኩርፌያት» አለች። እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር ልጄ። አንቺም ትመሰገኚ ነበር፣ እኔም እድን ነበር። ግን ያንቺን ድምፅ አስታወስኩ፣ «እኔ ነኝ» ያልሽበትን። በርጩማውን ሳብኩና ከፊቷ ዝቅ ብዬ ተቀምጬ፣ ከሰዓቱ ጀምሬ እስከ ቱሳ ባጃጅ ድረስ ነገርኳት። ስጨርስ በዚያች በደህናዋ፣ በግራ እጇ ትከሻዬን አንድ ጊዜ አቀመሰችኝ። «አንተ ሰውዬ! የተወለድክበትን ዓመት የማታውቅ፣ ለማሽን ዓመት ታስተምራለህ? ልጅቷንስ አሥራ አንድ ቀን ታስኮርፈኛለህ?» አለች። ከዚያም «ዞር በል፣ ብርሃኑን ጋረድክብኝ፤ ወደ ዴራ ውሃ ልወስድ ነው» አለችኝ። አውራ ጣቷ ደርቆ ነበር፤ በመጀመሪያ እምቢ አላት። ማታ ላይ ግን ሁለት ድንጋይ አስቀመጠች።

ትናንት ስትደውዪ «ተገኘ» ብላ ብቻ የነገረችሽ አውቃ ነው። እንዴት እንደ ጠፋ እኔው ራሴ እንድነግርሽ ፈርዳብኛለች፤ በሳል ላልፈው እንደምሞክርም አስቀድማ ነግራኛለች። ስለዚህ ማሂዬ፣ ይቅር በይኝ። አንቺ ሩቅ ሆነሽ ስትጨነቂ እኔ ቅርብ ሆኜ ዝም አልኩ። ሁለተኛ እንደዚህ ብሠራ፣ ካልሲዬ ብቻ ሳይሆን እኔም ጆንያ ውስጥ ልገኝ።

በሉ ሰላምታ ይድረሳችሁ። የኋላሸትን ከነጢሙ ሳሚልኝ። መቅደላዊትን ሁለት ጉንጯን ሳሚና ቅድመ አያትሽ የኢንተርኔት ሌባ ነው በያት። አያትሽ ተሻለች በጣም ትስምሻለች፣ እሑድ እንድትደውዪላትም ትፈልጋለች። አክስትሽ አበራሽ ሰላም ብላሻለች፣ በርበሬውን በራሄል ትልካለች። አብዲሳና ቱሳ ባያውቁሽም ሰላም ይበሉልን ብለዋል።

የሚወድሽ አያትሽ ይበልጣል
አሰላ
የካቲት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ደብዳቤውን ካሸግሁት በኋላ ፖስታውን መልሼ ቀደድኩት። ከጻፍኩልሽ ውስጥ አንዱን ነገር ፈጥሬ ነው። አያትሽ ሌዊ ሰኞ መጥቶ በዓይኑ እስኪያይ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ብላ አስጠንቅቃኝ ስለነበር ነው፤ ግን ካንቺ መደበቅ በቅቶኛል። ትከሻዬን የመታችኝ በግራ እጇ አይደለም። በቀኟ ነው።